ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
የከተማ ውኃና የፍሳሽ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊደረግ ስለሚገባው ዝግጅት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ፥ ጕዞው በመስከረም ወር የሆነ እንደ ሆነ፥ በምዕራብ ጎጃም ስለ ውኃ እጦት ቢነግሩት አያምንም። ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፍኖ፥ በቆሎውና በርበሬው ማሳውን ሞልቶት፥ ከየጕብታው ሥር ምንጩ ሲንፎለፎል ያያል። በፍኖተ ሰላም በኩል ላህና ብር፥ በቡሬ በኩል ፈጣም፥ ሌሎችም አያሌ ወንዞች ወደ ዐባይ ይወርዳሉ። ዐባይ ራሱ የሚመነጭበት ግሽ ዐባይ እንኳ የሚገኘው ከዚያው ከምዕራብ ጎጃም፥ ከሰከላ ወረዳ ነው።

ይኸው መንገደኛ በሚያዝያ መጨረሻ በዚያው ጐዳና ቢመለስና ከመንገዱ ዳር ካሉት ከተሞች ባንደኛው ቢያድር ግን ሌላ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። ጎሕ ሳይቀድ ቢጫው ጀሪካን በቦኖው ፊት ተሰልፏል፤ ባለጋሪው ውኃ ጭኖ ደንበኛውን ይጣራል፤ የሆቴሉ አሳላፊም «ጌታዬ፥ ዛሬ ቧንቧው ስላልመጣ በባልዲ ላምጣልዎት» ይለዋል። እንግዳውም ይህን ያህል ወንዝ ባለበት አገር ይህ ለምን ሆነ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለጥያቄው ብዙ መልስ ይሰጣል። ገንዘብ አነሰ፥ መብራት ጠፋ፥ ሕዝብ በዛ ይባላል። ሁሉም እውነትነት አለው። እኔ ግን በዛሬው ጽሑፌ ከሁሉ ቀድሞ መምጣት የሚገባውንና ከሁሉ ያነሰ የሚነገርለትን አንድ ነገር ላነሣ እወዳለሁ፤ ይኸውም የመጀመሪያው ዶማ መሬት ከመንካቱ በፊት የሚደረገው ዝግጅት ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። ቧንቧም በጥድፊያ ከተቀበረ በጥድፊያ ተቈፍሮ ይወጣል።

«አሁን ያለነው በየትኛው ወር ነው?»

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፥ ለሥራ ልምምድ በወጣሁበት ወራት፥ ከቀያሾች ጋር ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ሄጄ ነበር። የቦታውን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ውኃ ይሰጣል ተብሎ የታሰበ ምንጭ በዚያ ነበረ። ከመካከላችን አንዱ ባልዲውን ከምንጩ አፍ ደቅኖ፥ ሰዓቱን ይዞ፥ በስንት ሰኮንድ እንደሚሞላ ቈጥሮ በደብተሩ ጻፈ። ውኃው ብዙ ሆኖ ስለ ተገኘ ሁላችንም ደስ አለን። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ሲመለከቱን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉና፥

«ልጄ፥ አሁን ያለነው በየትኛው ወር ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«በጥቅምት ነዋ፥ አባቴ» አላቸው።

«በጥቅምትማ የኔም ጓሮ ምንጭ ነው። በግንቦት ናና ደቅን፤ ያን ጊዜ ባልዲው እስኪሞላ አንድ እንቅልፍ ትተኛለህ።»

ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን ነገሩን ሳሰላስለው፥ ሽማግሌው በሁለት ቃል የተናገሩት እኛ በክፍል ውስጥ አንድ ወራት ሙሉ የተማርነው ትምህርት መሆኑ ታወቀኝ። የምንጭ ዐቅም የሚመዘነው በጠገበበት ቀን ሳይሆን በጠማው ቀን ነው። ዝናቡ ካቆመ ስድስትና ሰባት ወር ካለፈ በኋላ፥ በሚያዝያና በግንቦት፥ ከተቻለም ከአንድ ዓመት በላይ እየተመላለሱ ያልለኩት ምንጭ ለከተማ ተስፋ ሊሆን አይችልም። ቸኩሎ በጥቅምት የተለካውን ቍጥር አምኖ ቧንቧ የዘረጋ ከተማ በየዓመቱ ከየካቲት ጀምሮ ባዶ ቧንቧ ይጠብቃል።

በጥልቅ ጕድጓድም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የጎጃም ደጋ ምድር በአብዛኛው ጥንት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ድንጋይ ነው። በዚህ ዐይነት ድንጋይ ውስጥ ውኃ የሚገኘው እንደ ባሕር ተንጣሎ ሳይሆን በስንጥቁና በንብርብሩ መካከል ተሰውሮ ነው። ስለዚህ ባንድ ማሳ ዳር የተቈፈረ ጕድጓድ ውኃ ሲያፈልቅ፥ ከዚያ ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ የተቈፈረው ደረቅ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም አስቀድሞ የሥነ ምድር ባለሙያ አካባቢውን ያጠናል፤ የኤሌክትሪክ ኀይል ወደ መሬት በመላክ የድንጋዩ ጠባይ ይመረመራል፤ የሙከራ ጕድጓድ ይቈፈራል፤ ከዚያም ፓምፕ ተተክሎ ብዙ ጊዜ እስከ 72 ሰዓት ያለ ማቋረጥ ውኃው እየተሳበ የጕድጓዱ ወለል ምን ያህል እንደሚወርድና ከቆመ በኋላ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ይመዘገባል። ይህን ሦስት ቀን ለመቈጠብ ብሎ የሚቸኩል ሰው ለሃያ ዓመት የሚቈይ ስሕተት ይገዛል።

የውኃው ጥራትም ከብዛቱ እኩል ይመረመራል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በብዙ ሥፍራ ከመሬት የሚወጣው ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙ ሰው ጥርስ በልዟል፥ አጥንቱም ተጐድቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ ጕዳት ለዐይን የማይታይ ስለ ሆነ ውኃው ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው መልኩ ሳይሆን የላቦራቶሪው ወረቀት ነው።

ምንጩ ብቻ ሳይሆን ከምንጩ በላይ ያለው ተራራም የዝግጅቱ ክፍል መሆኑን ከጎንደር ልንማር እንችላለን። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ከላይኛው ተፋሰስ በጐርፍ በሚወርድ አፈር ምክንያት ውኃ የሚይዝበትን ስፍራ በብዙ አጥቷል። የተራቈተ ኮረብታ ሥር ግድብ ሠርቶ መተው፥ ወንፊት ላይ ዱቄት እንደ ማኖር ነው።

ለስንት ሰው?

ምንጩ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ለስንት ሰው?» የሚለው ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ፍኖተ ሰላም 13,800 ያህል፥ ቡሬ ደግሞ 13,400 ያህል ነዋሪዎች ነበሯቸው። ያን ጊዜ ሁለቱ ከተሞች ቁመታቸው የተካከለ መንትዮች ይመስሉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. እንደ ገና ሲቈጠሩ ግን ፍኖተ ሰላም 25,900 ያህል፥ ቡሬ 20,400 ያህል ሆነው ተገኙ። ይህም ማለት በመካከሉ ባለው አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ፍኖተ ሰላም በየዓመቱ በመቶ 5 ያህል፥ ቡሬ በመቶ 3.3 ያህል አደጉ ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በመቶ 5 የሚያድግ ከተማ በ14 ዓመት እጥፍ ሲሆን፥ በመቶ 3.3 የሚያድገው እጥፍ ለመሆን 21 ዓመት ይፈጅበታል።

እንግዲህ አንባቢዬ እርሳስና ወረቀት ይዞ አብሮኝ ያስላ። በሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፥ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፥ በተወሰነው መለኪያ መሠረት ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ያለው ከተማ ለያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 50 ሊትር፥ ከ50,000 እስከ 100,000 ያለው ደግሞ 60 ሊትር ማድረስ ይኖርበታል። በ1999 ዓ.ም. የነበረው የፍኖተ ሰላም ሕዝብ በ50 ሊትር ሲባዛ በቀን 1,295 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ በ24 ሰዓት ቢካፈል በሰኮንድ 15 ሊትር ነው። በሰኮንድ 15 ሊትር የሚሰጥ ጕድጓድ ያገኘ ችኩል ሰው «ጨረስን» ይላል።

ነገር ግን አልጨረሰም። ከቧንቧው ከአራቱ እጅ አንዱ በመንገድ ላይ ቢፈስ፥ ፓምፑም በመብራት መቋረጥና በዕረፍት ምክንያት በቀን 16 ሰዓት ብቻ ቢሠራ፥ ያው ሕዝብ የሚያስፈልገው በሰኮንድ 15 ሊትር መሆኑ ቀርቶ 30 ሊትር ይሆናል። እጥፍ ማለት ነው። ከተማው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። የውኃ ሥራ ብዙ ጊዜ ለ20 ዓመት ያህል አገልግሎት ታስቦ ስለሚነደፍ፥ በመቶ 5 የሚያድገው ከተማ በ20 ዓመት ውስጥ ከ25,900 ወደ 68,700 ያህል ይደርሳል። ያን ጊዜ ለሰው የሚገባው ልክም ወደ 60 ሊትር ከፍ ስለሚል የቀኑ ፍላጎት ወደ 4,100 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ነው። ይህ ስሌት ትንቢት አይደለም፤ ቍጥሩ ሲንቀሳቀስ ሥራው ምን ያህል እንደሚለወጥ ለማሳየት ያህል የቀረበ ነው።

ለፍኖተ ሰላም የተሠራው ስሌት ለቡሬ እንደማይሆንም ከዚሁ ይታያል። ቡሬን በቈጠራው መቶኛ ብቻ የገመተ ሰው በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየት ያመጣዋል? ፋብሪካ ውኃ ይጠጣል፤ ሠራተኛ ያመጣል፤ ሠራተኛው ቤት ይከራያል፤ ቤቱ ቧንቧ ይፈልጋል። በተጨማሪም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቈጠራ ሳይካሄድ ብዙ ዓመታት ስላለፉ፥ አጥኚው የድሮውን መቶኛ ይዞ ከመቀመጥ ይልቅ የከተማውን ቤቶች፥ የተማሪዎችን ቍጥር፥ የውኃና የመብራት ቆጣሪዎችን መዝገብ እየዞረ ማየት ይገባዋል። የአንዱን ከተማ ጥናት ሽፋኑን ለውጦ ለሌላው ማቅረብ የባልንጀራን ጫማ ተውሶ ረዥም መንገድ እንደ መሄድ ነው።

ከፍታና ዝቅታ

በዐፄ ምኒልክ ዘመን አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ አገር መሐንዲስ ከእንጦጦ በኩል ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ ባስገባ ጊዜ፥ ውኃው ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣቱ ለብዙ ሰው ተአምር ሆኖ ታይቶ ነበር። ሆኖም የመነሻው ቦታ ከመድረሻው በላይ መሆኑ አስቀድሞ ስለ ተለካ የተደረገ ነው እንጂ ተአምር አይደለም። ዛሬም የቀያሹ ሥራ ይኸው ነው።

የአሥር ሜትር ከፍታ ልዩነት አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። ማጠራቀሚያው ከከተማው ዝቅተኛ ሰፈር በ120 ሜትር ከፍ ብሎ ቢሠራ፥ ሌሊት ሰው ተኝቶ ቧንቧው ሲዘጋ በዚያ ሰፈር 12 ባር ያህል ግፊት ይጠራቀማል። ለ10 ባር የተሠራ ቧንቧ በዚያ የተቀበረ እንደ ሆነ ሊፈነዳ ይችላል። በተቃራኒው ማጠራቀሚያው ዝቅ ቢል የላይኛው ሰፈር ነዋሪ ውኃ የሚያገኘው ጎረቤቱ ሁሉ ሲተኛ ብቻ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚወስነው ቀያሹ በጥቂት ሳምንት የሚያመጣው የከፍታ ልኬት ነው። ደመወዙ ከቧንቧው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቈጠርም።

መብራትም አለ። ጕድጓዱ ተቈፍሮ፥ ፓምፑ ከውጭ አገር መጥቶ፥ ማጠራቀሚያው ተለስኖ፥ ትራንስፎርመር ግን ገና ያልተጠየቀበት ሥራ ያላየ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም። ፓምፕ ያለ ኤሌክትሪክ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የሚጻፈው ደብዳቤ መጻፍ ያለበት ፓምፑ ሲደርስ ሳይሆን ንድፉ ሲጀመር ነው።

መንገድም እንዲሁ። ባደግሁበት ከተማ ጐረምሶችና ልጃገረዶች ተደራጅተው በጥርብ ድንጋይ ያማረ ኮብልስቶን ያነጠፉትን መንገድ ዓመት ሳይሞላው ለቧንቧ ተብሎ ሲያፈርሱት አይቻለሁ። ድንጋዩ ተመልሶ ቢነጠፍም እንደ ቀድሞው አልተስተካከለም፤ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲዘንብ በዚያ በኩል ውኃ ያቍራል። ያጠፋ ሰው አልነበረም፤ መንገድ ሠሪውና ውኃ ሠሪው ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ካርታቸውን አለማስተያየታቸው ነው እንጂ።

ምንጩ የማን ነው?

የከተማ ውኃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከገጠር ነው። ለከተማው ሰው «ምንጭ» የተባለው ነገር ለገበሬው የከብቱ መጠጫ፥ የመስኖው ቦይ፥ የጠበሉም ቦታ ሊሆን ይችላል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው በጃቢ ጠህናን ወረዳ የጌራይን ውኃ በመስኖ እየጠለፉ የሚያርሱ ገበሬዎች አሉ። እንዲህ ባለ አገር አንድ ምንጭ ሲዘጋ ከታች ያለ ማሳ እንደሚደርቅ ማንም ሰው አይስተውም።

ስለዚህ ከቀያሹ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ይኸውም የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ሰው ነው። ውኃው ለማን ምን ያገለግላል? ለታችኛው ማሳ ምን ያህል መተው ይገባል? ቧንቧው በማን እርሻ ያልፋል፥ ካሣውስ መቼ ይከፈላል? በመስመሩ ላይ ላሉት መንደሮች ስንት ቦኖ፥ ለከብቶቹስ ስንት ገንዳ ይሠራል? ቧንቧው በደጁ እያለፈ እርሱ እንስራ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ገበሬ ያን ቧንቧ የኔ ብሎ ሊጠብቀው አይችልም። አንድ ቀን በዶማ ጫፍ ቢወጋውም ጥፋተኛው እርሱ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። የሚገባውን ቀድሞ ያገኘ ገበሬ ግን ከዘበኛ ይልቅ ይጠብቀዋል።

የገባው ውኃ ሁሉ ይወጣል

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ይህ ነው። ወደ ከተማ የገባ ውኃ ከተማ ውስጥ አይቀርም። መሐንዲሶች በአብዛኛው ቤት ከገባው ውኃ በመቶ 80 ያህሉ ተመልሶ ፍሳሽ እንደሚሆን ይገምታሉ። ቀደም ሲል ባሰላነው መሠረት በቀን 4,100 ሜትር ኩብ የሚጠጣ ከተማ በቀን 3,300 ሜትር ኩብ ያህል ቈሻሻ ውኃ ያወጣል። አንድ መጣጭ መኪና በአንድ ጊዜ 10 ሜትር ኩብ ቢጭን፥ ይህን ሁሉ ለማውጣት በቀን 330 ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። ይህን ያላሰበ ከተማ ፍሳሹን የሚያስረክበው ለቦዩ፥ ቦዩ ለወንዙ፥ ወንዙም ከታች ለሚጠጣው ገበሬ ነው።

በዓለም ታሪክ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 በሎንዶን ከተማ በአንድ ሰፈር ኮሌራ በተነሣ ጊዜ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ እያኖረ መከራው በአንዲት የውኃ መቅጃ ዙሪያ መሰብሰቡን አሳየ። የጕድጓዱ ውኃ በአጠገቡ ባለ የቈሻሻ ጕድጓድ ተበክሎ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1858፥ የቴምዝ ወንዝ ክርፋት ምክር ቤቱን ራሱን ባስጨነቀ ጊዜ ጆሴፍ ባዛልጌት ለተባለው መሐንዲስ የፍሳሽ ሥራ ተሰጠው። እርሱም ለዚያን ቀን ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ገና ለሚመጣው ጭምር አስፍቶ ስለ ሠራው ከሥራው ብዙው እስከ ዛሬ ያገለግላል። እኛም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት የፈለፈሉ ሰዎች የዝናቡ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ ከሕንጻው ጋር ባያስቡት ኖሮ ሥራቸው ኵሬ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን ደግሞ የአዲስ አበባን እንመልከት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተሠርቶ ሳለ፥ ከመስመሩ ጋር የተያያዙት ቤቶች ጥቂት ስለ ነበሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዐቅሙ በታች ሠርቷል። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፋ። ከዚህ የምንማረው ማጣሪያውና ዋናው መስመር ሲታሰቡ ከያንዳንዱ ቤት የሚነሣው ቀጭን ቧንቧ፥ ዋጋውና ከፋዩ አብረው መታሰብ እንዳለባቸው ነው። እህል የሚያመላልስ መንገድ የሌለው ወፍጮ ድንጋዩ ቢያምርም አይፈጭም።

ይህን ስል ግን እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ ነገ የፍሳሽ መስመር ይዘርጋ ማለቴ አይደለም። የፍሳሽ ቧንቧ ራሱን እየጠረገ እንዲሄድ በቂ ውኃና በቂ ቍልቍለት ይፈልጋል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቧንቧ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ብዙው ሰው ከግቢው ሽንት ቤት በሚጠቀምበት ከተማ ቧንቧው ቶሎ ይደፈናል። ለእንዲህ ያለው ከተማ በሚገባ የተሠራ የፍሳሽ ጕድጓድ፥ በጊዜው የሚመጣ መጣጭ መኪናና መኪናው የሚደፋበት የተዘጋጀ ማድረቂያ ሥፍራ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ሆስፒታሉ፥ የጋራ መኖሪያ ቤቱና ገበያው ግን ቀድመው መስመር ሊያገኙ ይችላሉ። ከዚህም ጋር በጎጃም ክረምት የሚወርደው ጐርፍ ከሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል ለየብቻው መንገድ ሊበጅለት ይገባል። ሽንት ቤትና የውኃ ጕድጓድ 30 ሜትር ከተራራቁ ይበቃል የሚባለው ልማድም በተሰነጣጠቀ ባዛልት ላይ ዋስትና ሊሆን አይችልም። የትኛው ለየትኛው ሰፈር እንደሚሆን መወሰን ራሱ ዋናው ዝግጅት ነው። ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያመጣውን ጕዳትና ጥቅም አስቀድሞ መመርመርም ከዐዋጅ ቍጥር 299/1995 ጀምሮ የአገራችን ሕግ ሲያዝዝ የቆየው ነገር እንጂ የአማካሪዎች ቅንጦት አይደለም።

የሰኔ ሠላሳ ጥድፊያ

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ስለ ምን ይዘለላል? አንደኛው ምክንያት የዘመን አቈጣጠራችንና የበጀታችን አለመስማማት ይመስለኛል። በጀት የሚፈቀደው ለሐምሌ 1 ቀን ነው። በሐምሌ ደግሞ ጎጃም ጭቃ ነው፤ ቦይ መቈፈር አይቻልም። ዝናቡ ሲያባራ ጨረታ ይወጣል፤ ጨረታው ሲያልቅ በጋው ይጋመሳል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሰኔ 30 ቀን ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል ቧንቧው ጥናቱ ሳያልቅ ይገዛል። ስፋቱ የተወሰነው በስሌት ሳይሆን በመጋዘን በተገኘው ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ የተረፈውን ጊዜ የምናሳልፈው ስንለቅም ነው።

መድኀኒቱም ከዚያው ከወቅቱ ውስጥ ይገኛል። በጋው የመለኪያና የሙከራ፥ ክረምቱ የስሌት፥ የንድፍና የጨረታ ሰነድ ጊዜ ቢሆን፥ ሥራ ተቋራጩ መሬቱ እንደ ጠነከረ በጥቅምት ገብቶ እስከ ግንቦት ስምንት ወር ሙሉ ይሠራል። ይህ አንድ ዓመት ያዘገያል የሚል ይኖራል። አዎን፥ ያዘገያል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ከመቈፈር አንድ ዓመት መዘግየት ይሻላል። የውኃ ሀብት ልማት ፈንድ በ1994 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ከተሞች የውኃ ሥራቸውን የሚሠሩት ከውኃ ሽያጭ በሚመለስ ብድር መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፥ የንድፍ ስሕተት ማለት በያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ ላይ ለብዙ ዓመት የሚታሰብ ዕዳ ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ያደረሰው ሐዘንና የሥራ መስተጓጐል የታወቀ ነው። መቈፈሪያ መኪና ሊንቀሳቀስ በማይችልበት ቦታና ጊዜ እንኳ የቈየውን መዝገብ መሰብሰብ፥ ያለውን ልኬት ማስላት፥ የተጓደለውን መለየት ይቻላል። ሰላም በሙሉ በተመለሰ ማግስት የተዘጋጀ ንድፍ ያለው ከተማ ቀድሞ ውኃ ይጠጣል፤ የሌለው ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥናት ይጀምራል።

ለእኩዮቼ

ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ወይም እንደ እኔ ገና ሥራ የያዛችሁ ናችሁ። አንዳችሁ ነገ በአንድ ማዘጋጃ ቤት፥ በአንድ የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ወይም በገንዘብ መምሪያ ተቀምጣችሁ አንድ ሰነድ ለፊርማ ይቀርብላችኋል። ሰነዱን ያቀረቡት ሰው በዕድሜ ይበልጧችኋል፤ ነገሩም አስቸኳይ ነው ይባላል፤ የመሠረቱ ድንጋይ የሚኖርበት ቀንም ተቈርጧል። በዚያች ሰዓት አክብሮታችሁን ሳትቀንሱ ጥቂት ጥያቄ ጠይቁ። ምንጩ የተለካው በየትኛው ወር ነው? ጕድጓዱ ለስንት ሰዓት ተፈተነ? ሕዝቡ በምን ተቈጠረ? መብራቱን ማን ጠየቀ? ከመንገድ ሠሪው ጋር ካርታ ተያያችሁ ወይ? የምንጩ ባለቤት ገበሬ ምን አለ? ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? ሥራው ሲያልቅ ማን ይጠግነዋል፥ በስንት ብርስ?

ለእነዚህ መልስ ካለ በደስታ ፈርሙ። መልስ ከሌለ ግን «ጌታዬ፥ ይህ ገና አልተጠናም» ብሎ ብዕር ማስቀመጥ ትዕቢት አይደለም፤ ለደመወዝ ከፋዩ ሕዝብ የሚደረግ ታማኝነት ነው። ለጊዜው ጐታች ሊያሰኛችሁ ይችላል። ዝንጀሮ እንኳ «አስቀድሞ መቀመጫዬን» ማለቷን ግን አትርሱ።

የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ሠንጋ ይታረዳል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ጭብጨባ ይሰማል። ጥናት ያለቀበት ቀን ግን ማንም አያጨበጭብም፤ የሚታይ ነገር የለምና። ቢሆንም ከሃያ ዓመት በኋላ በሚያዝያ ወር አንዲት እናት ቧንቧዋን ከፍታ ውኃ ብታገኝ፥ ያን ውኃ ያመጣላት በድንጋዩ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በግንቦት ሐሩር ባልዲውን ይዞ ወደዚያ ምንጭ የተመለሰው ስሙ ያልታወቀ ቀያሽ ጭምር ነው።